ሙቀጫውን ማን ጣለው

ሊሊሴን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት መልሷ እንደ ጠያቂው ነው። ለፓስተር «አገልግሎት ላይ ነኝ» ትላለች፤ ለሚኒባስ ረዳት፣ የፊት ወንበር እንዲሰጣት፣ «የጤና ባለሙያ ነኝ»፤ ለእናቷ ደግሞ «ቢሮ ነው የምውለው»። እውነቱን ለሚወድ ግን ሥራዋ የሰው ቂጥ ማጠብ ነው። ነቀምቴ ያለ አንድ ትንሽ የእንክብካቤ ማኅበር ቀጥሯት፣ ከአልጋ መውረድ ያቃታቸውን ሰዎች ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ እየዞረች ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ቁስል ታሽጋለች፣ ስድብ ትቀበላለች። ምርቃትም አለ፤ ግን ከስድቡ ያንሳል። የታመመ ሰው ጨዋ ይሆናል የሚል ሰው ካለ፣ የታመመ ሰው አጥቦ አያውቅም።

ቦርሳዋ ውስጥ ጓንት፣ ፋሻ፣ ቫዝሊንና ጥፍር መቁረጫ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚፈውሰው ግን ወሬዋ ነው። ሊሊሴ ይህን ያወቀችው ከሥልጠና አይደለም። ሥልጠናው ላይ ያስተማሩት ስለ ሰው ምስጢር አጠባበቅ ነበር፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጥሩ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ከምትንከባከባቸው ሁሉ የከፉት እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያሉት ኦቦ ጆቴ ነበሩ። የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ትከሻቸው በር የሚዘጋ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞ አልጋ ላይ ከጣላቸው በኋላ አፋቸውን ዘጉ። መናገር አቅቷቸው አይደለም፤ ሐኪሙ ምላሳቸው ደህና ነው ብሏል። አኩርፈው ነው። እግዚአብሔርን፣ ስትሮኩንና ልጃቸውን ገለታን በአንድ ላይ አኩርፈው። ሐኪሙ ለገለታ በግልጽ ነግሮታል፦ ተነሥተው ካልተንቀሳቀሱ ዘንድሮን አይዘልቁም። ገለታ አስተማሪና የመዘምራን መሪ ነውና ጸሎት አስደረገ። ሊሊሴም እግራቸውን እያጠፈችና እየዘረጋች «ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ጆቴ፣ ትንሽ ይግፉኝ» ትላለች። አይገፉም። ሰፈርተኛው እየመጣ ከንፈሩን ሲመጥላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

አንድ ቀን ጥፍራቸውን እየቆረጠች፣ ዝምታው ሲያፍናት፣ ቢላ ከተማ ስላሉት ስለ እማማ ነፊሳ አወራቻቸው። እማማ ነፊሳ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው ወለጋ የሰፈሩ፣ ኪራሙ ውስጥ ወልደውና ዘርተው የኖሩ፣ በኋላ አገሩ ሲታወክ ቢላ ልጃቸው ቤት የተጠጉ ሴት ናቸው። ስኳር አንድ እግራቸውን ወስዷል፤ ምላሳቸውን ግን ስኳርም አልደፈረው። ያጡት ነገር ብዙ ነው፤ ባል፣ በሬ፣ መሬት፣ እግር። ሲያነሱ የሚውሉት ግን አንድ ነገር ነው፦ ሙቀጫቸውን። ከወሎ ሲነሡ እናታቸው የሰጧቸውን የወይራ ሙቀጫ፣ ሹፌሩ «ጭነት በዛ» ብሎ ከመኪናው ላይ ወርውሮባቸዋል። «ያን ሹፌር አንድ ቀን ባገኘው» ሲሉ ይኸው አርባ ዓመት አለፈ።

ሊሊሴ ይህን አውርታ ሳትጨርስ ከአልጋው ላይ ድምፅ ወጣ።

«ሙቀጫ የሚጭን ሰው መጀመሪያ ሹፌር ያማክራል።»

ጥፍር መቁረጫው ከእጇ ወደቀ። «ምን አሉ ኦቦ?»

«ንገሪያት ለዚያች ጃርቲ፣ ለዚያች አሮጊት። የነዳነው መኪና ነው እንጂ ማድ ቤት አይደለም በያት።»

ነገር ማመላለስ ኃጢአት መሆኑ ሊሊሴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትማረው የኖረችው ነው። ቢላ ስትደርስ ግን ፋሻውን እንኳ ሳትፈታ ነገሩን ዘረገፈችው። እማማ ነፊሳ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ሹፌር ነበር ነው የምትይኝ? የከባድ መኪና? ወላሂ እሱ ነው!»

«እማማ፣ በዚያን ጊዜ ስንት ሹፌር ነበረ...»

«አንቺ ልጅ ዝም በይ። እሱ ባይሆን ምን አስቆጣው? ንገሪው፣ አላህ ግማሽ ጎኑን ያስተኛው፣ ሙሉውን ቢተወው ስንቱን ሰው ከነሙቀጫው ይጥል እንደነበር ስለሚያውቅ ነው በይው።»

ሊሊሴ ይህን ለኦቦ ጆቴ ስትነግራቸው ከጉሮሯቸው እንግዳ ድምፅ ወጣ። ሁለተኛ ስትሮክ መስሏት ልትጮህ ነበር። ሳቅ ነው።

«አስቀምጪኝ» አሉ። «ተኝቶ ስድብ አይመለስም።»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ትራስ ተደግፈው መለሱ፤ ቀጥሎ እግራቸውን ከአልጋ አውርደው። «በዚያች ምላስ ላይ ሙቀጫ ምን ያደርግላታል? በርበሬውን በምላሷ አትወቅጠውም?» «አንድ እግሯ ቀድሞ ጀነት ገብቷል፤ የቀረውን በር ላይ ያገዱት ምላሷን ስላዩ ነው።» ከቢላ ደግሞ መልስ ይመጣል፦ «ጀነትን ከየት አውቆት? እሱ የሚያውቀው የነዳጅ ማደያ ነው።» ሊሊሴም፣ እውነት ለመናገር፣ ስድቡ ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ላይ ሲንገላታ እንዳይቀዘቅዝ ትንሽ ቅመም ጣል ታደርግበት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ኦቦ ጆቴ በዱላ ተደግፈው እስከ በሩ ይሄዱና ሊሊሴን የምታመጣዋን ባጃጅ ይጠብቁ ጀመር። የእማማ ነፊሳም ቁስል መድረቅ ያዘ። ስድብ በባዶ ሆድ አይወጣም ብለው ምግባቸውን በሰዓቱ ይበላሉ።

ገለታ የአባቱን መነሣት የጸሎት መልስ ነው ብሎ ጉባኤ ፊት ምስክርነት ሰጠ። ብዙ ሰው አለቀሰ። ጉዱ የወጣው ከትምህርት ቤት ቀደም ብሎ የገባ ቀን ነው። የጸሎቱን መልስ በሩ ላይ ቆሞ ለአንዲት የማያውቃት አሮጊት የሚላክ ስድብ እየመረጠ አገኘው። ደንግጦ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ አስተባባሪ ወደ አቶ ተረፋ ሄደ።

አቶ ተረፋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰላም ወዳድ ናቸው፤ ይህ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። ሊሊሴን አስጠርተው «ልጄ፣ እኛ ሰው እንንከባከባለን እንጂ አናጣላም» አሏት። «መቃብር አፋፍ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ቂም ይዘው ቢሞቱ ተጠያቂው ማነው? እናስታርቃቸዋለን። ከእንግዲህ ከቤት ቤት ቃል ስታመላልሺ ብሰማ ግን ሥራሽን ትለቂያለሽ።»

ሊሊሴ «ጠቡ ነው እኮ ያስነሣቸው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአለቃ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? «እሺ» ብላ ወጣች።

ወለጋ ውስጥ ተጣልቶ መኖር ይቻላል፤ ሽማግሌ ከሰማ በኋላ ግን አይቻልም። የእርቁ ቀን እማማ ነፊሳ ከነዊልቸራቸው በማኅበሩ መኪና ከቢላ መጡ። የገለታ ሳሎን በሰው ተሞላ። ዋናው ሽማግሌ የራሳቸውን ድምፅ መስማት የሚወዱት ኦቦ ፈየራ ነበሩ፤ በእማማ ነፊሳ ወገን አንድ ሐጂ ተቀመጡ። በግ ይታረድ ሲባል፣ የክርስቲያን ሥጋ ነው የእስላም ሥጋ ነው የሚል አዲስ ጠብ እንዳይነሣ ተፈራና የወለጋው ሥራሥር አንጮቴ በቅቤ ተሠራ። ኦቦ ፈየራ እንደ ድሮው ባህል እርጥብ ሣር በእጅ ይያዝ አሉ፤ ገለታ ባዕድ አምልኮ ነው አለ፤ በዚህም ላይ ትንሽ ሽምግልና ተደረገ።

ሁለቱ ጠበኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ያን ዕለት ነው። ሊሊሴ በሩ ሥር ቆማ አየቻቸው፤ ባታይ ትመርጥ ነበር። ኦቦ ጆቴ የጠበቁት እሳት ጎርሳ እሳት የለበሰች ግዙፍ ሴት ነው። የመጡት ዊልቸሩ የሰፋቸው፣ እንደ ሕፃን የቀለሉ አሮጊት ናቸው። እማማ ነፊሳም አፋቸው ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ ልጃቸው በመሐረብ ምራቅ የሚጠርግላቸው ሽማግሌ አዩ። ሁለቱም ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» አሉ ኦቦ ፈየራ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «በእኛ ሕግ እውነት ይቀድማል፣ እርቅ ይከተላል። በውሸት የታረቀ አልታረቀም፤ እርቁ ፈራሽ ነው። ጆቴ፣ የእኚህን ሴት ሙቀጫ ጥለሃል ወይስ አልጣልክም?»

ኦቦ ጆቴ የእማማ ነፊሳን ቀሚስ፣ እግር መኖር የነበረበትን ባዶ ቦታ ሲመለከቱ ሊሊሴ አየች።

«ጥያለሁ» አሉ። «ጭነት በዝቶብኝ ነው። በድያለሁ።»

እማማ ነፊሳ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው።

«አፉ ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር ብዬሃለሁ። አይዞህ ወንድሜ።»

ኦቦ ፈየራ መረቁ፤ ቤቱ በሙሉ «ሃ ታኡ! ይሁን!» አለ፤ ሁለቱ ተሳሳሙ፤ ገለታ አለቀሰ፤ አቶ ተረፋ በስልካቸው ፎቶ አነሡ። አንጮቴውም ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ሊሊሴ ባጃጇ ስትቆም በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ኦቦ ጆቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሾርባ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይገጥማሉ። ብዙም ሳይቆይ ዳሌያቸው ላይ ቆዳው መቅላት ጀመረ፤ ሊሊሴ ይህን ቅላት ታውቀዋለች፣ የአልጋ ቁስል ሲመጣ እንዲህ አድርጎ ነው በር የሚያንኳኳው። ገለታ «አባዬ በሰላም እያረፈ ነው» ይላል። እማማ ነፊሳ የላኩት ማር ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ኦቦ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለች ጀርባቸውን ቫዝሊን እየቀባች። «ታርቀው የለ እንዴ?»

«'አይዞህ' አለችኝ» አሉ ለግድግዳው። «ሰምተሻል? እንደ ውሻ ስትሰድበኝ የኖረች ሴት 'አይዞህ ወንድሜ' አለችኝ። ማርም ላከችልኝ። አለቀልኝ ማለት ነው።»

«ሙቀጫውን ጥያለሁ ብለው ስላመኑ እኮ ነው...»

«የምን ሙቀጫ!» አሉ፤ ደኅናው እጃቸው አልጋውን መታ። «በሰባ ሰባት እኔ ከአሰብ ጨው ነበር የማመላልሰው። ወሎን የማውቃት በመስኮት ነው። አንድም ሰፋሪ ጭኜ አላውቅም!»

ሊሊሴ እጇ ጀርባቸው ላይ ቀረ። «ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ...?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከወደቅሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ሸኑ ወይ? ወጣልዎ ወይ? እሷ ግን 'ለምን ጣልከው?' አለችኝ። መጣል የሚችል ሰው አድርጋ ቆጠረችኝ። እንዴት ብዬ አልጣልኩም ልበላት?»

«እርቁ ላይስ? ሽማግሌ ፊት?»

«አላየሻትም እንዴ? አርባ ዓመት ጠብቃ፣ በአንድ እግሯ እዚህ ድረስ መጥታ፣ ሰውዬው እኔ አይደለሁም ብዬ ባዶ እጇን ልመልሳት?»

ሊሊሴ ውጭ ወጥታ ግንቡ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። መድኃኒቱን አግኝታዋለች፤ ኦቦ ፈየራ ራሳቸው በሰው ሁሉ ፊት የተናገሩት ነው፣ በውሸት የታረቀ አልታረቀም። ይህን ቢላ ወስዳ ብታፈነዳው ጠቡ ከበፊቱ ብሶ ይነሣል፣ ኦቦ ጆቴም ይነሣሉ። ግን ለአንዱ ጠቡን ለመመለስ ከሌላዋ እርቁን መንጠቅ ነው። እማማ ነፊሳ በስንት ዘመናቸው አንድ «በድያለሁ» አገኙ፤ ያችንም ቃል ሊሊሴ ልትወስድባቸው? ሥራዋንም እንደምታጣ ሳይታለም የተፈታ ነው። ቅጥቅጡ ላይ ተሳፍራ ቢላ እስክትደርስ «አልናገርም፣ አልናገርም» እያለች ሄደች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ነጋዴ ጸሎት መስሎት «አሜን» እያለ አገዛት።

እማማ ነፊሳ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጋደም ብለዋል። ደርቆ የነበረው ቁስላቸው እንደገና አመርቅዟል። ከትናንት የተረፈው ምግባቸው ሳይነካ አጠገባቸው አለ።

«ወንድማችን እንዴት ነው?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ደግ ሰው። አላህ ያሽረው።»

ይህን ስትሰማ ሊሊሴ ያ ሁሉ መሐላዋ ተነነ።

«እየሞቱ ነው!» አለች። «አይበሉም፣ አይነሡም። ደግሞም ሙቀጫዎን አልጣሉም! ሹፌሩ እሳቸው አይደሉም፣ በዚያን ጊዜ ጨው ነበር የሚጭኑት። እርቁ ላይ የዋሹት አዝነው ነው። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ልነግርዎ አልነበረም።»

እማማ ነፊሳ መቁጠሪያውን አስቀመጡ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«የኔ ሹፌር አጭር ቀይ ሰው ነበር፤ ጣቱም ጎዶሎ። ገና ከበር ሲያስገቡኝ፣ ያን የሚያህል ጥቁር ግንድ ተቀምጦ ሳየው አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አፉ አሏቸው?»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ዓይናቸው ላይ ያዙት። «አይ አንቺ ልጅ። አርባ ዓመት ሙሉ 'እኔ ነኝ፣ በድያለሁ' ያለኝ ሰው አልነበረም። የጣለው አላለኝም። የላከውም አላለኝም። በኋላም ከኪራሙ ስነቀል ማንም አላለኝም። ያልጣለው ሰው አለልኝ። ምን ልበለው? ሰው ፊት ውሸታም ነህ ልበለው?»

ሊሊሴ ፋሻውን ይዛ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ እማማ ነፊሳ አፍንጫቸውን ተናፈጡና ደገፍ እንድታደርጋቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ። ሳየው አንጀቴን በላኝ፣ እሱም አየብኝ። ለወንድ ልጅ ይህ ከጥይት ይከፋል። በይ አስቀምጪኝ። ያን ምግብም ወዲህ በይው። አሁን በደንብ ስሚኝ፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»

ሊሊሴ በማግስቱ ቡርቃ ጃቶ ስትደርስ ክፍሉ ውስጥ ገለታና አቶ ተረፋ አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው ይጸልያሉ። አቶ ተረፋን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። በዚህ ሥራ እናቷንም ሁለት ታናናሾቿንም ታስተዳድራለች። ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች። ግን የኦቦ ጆቴ አንገት ከአንገትጌያቸው ውስጥ እንዴት እንደቀጠነ አየች፤ ሌላ ቀን የሚባል እንደሌለ ገባት። «አሜን» እስኪሉ ጠበቀች።

«ኦቦ ጆቴ፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ። ከቢላ መልእክት አለዎት።»

«ሊሊሴ!» አሉ አቶ ተረፋ።

ሊሊሴ ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። «እማማ ነፊሳ እንዲህ ብለዋል፦ አንተ የሰው ጥፋት ሰርቀህ የታረቅህ ሌባ! የኔን ሹፌር እርቅ በላህበት። ሙቀጫዬን አለመጣልህን ገና ከበር ሳይህ አውቄያለሁ፤ ያን የሚያህል ሰው ጥሎብኝ ቢሆን ኖሮ እረሳዋለሁ? ውሸት እንኳ አትችልም። ማሬን መልስ። መልስህ ካልመጣ ደግሞ ቁስሌን ለማንም አላስነካም፤ ከሞትኩ ደሜ በአንተ ላይ ነው።»

ገለታ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አልጋው ላይ ያለው ሰውነት መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ከግድግዳው ዞረ።

«ሌባ አለችኝ?»

«አዎ ኦቦ።»

«ከበር ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

«ከበር ጀምሮ።»

የኦቦ ጆቴ ጠማማ አፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊሊሴ ታውቀዋለች ያን ድምፅ። ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

«እርቁስ?» አሉ አቶ ተረፋ ግራ ተጋብተው። «ሽማግሌው፣ ምርቃቱ...»

«ፈየራ ምን አለ?» አሉ ኦቦ ጆቴ። «በውሸት የታረቀ አልታረቀም። እኔ ዋሽቻለሁ። እሷም ዋሽታለች። ገለታ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? ጫማዬን አምጣ። ያን ማርም ክፈተው፣ አንመልስላትም።»

ገለታ ጫማውን አምጥቶ ተንበርክኮ አደረገላቸው። ሊሊሴ በብብታቸው ገብታ አነሣቻቸው፤ ከብደዋል፣ ግን እየገፉ ነው። አቶ ተረፋ ለአፍታ ቆመው አዩ። ከዚያ ዱላውን ከጥጉ አንሥተው አቀበሏቸው፤ የማኅበሩ መኪና ነገ በጠዋት ወደ ቢላ እንደምትሄድም ለሊሊሴ በቀስታ ነገሯት።

ኦቦ ጆቴ እየተንገዳገዱ በሩ ላይ ደረሱ። መቃኑን ያዙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ቢላ ወዳለበት ወደ ሰሜን ምሥራቅ አፈጠጡ።

«ንገሪያት» አሉ። «ሹፌሩ እኔ ብሆን ኖሮ ሙቀጫውን አልጥለውም ነበር። የምጥላት እሷን ነበር።»